የሙከራ ዘገባ፤ ያየነውንና የገመትነውን ለይቶ ስለ መጻፍ

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ምዕራፍ አንድን ነገር በአንባቢው ዐይነ ኅሊና ፊት እንዲቆም አድርጎ የሚያቀርበውን ገላጭ ድርሰትን ተመልክተናል። አሁን የምናጠናው የሙከራ ዘገባ ከርሱ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። ገላጭ ድርሰት አንባቢው ነገሩን እንዲያየው ያደርጋል። የሙከራ ዘገባ ደግሞ አንባቢው ያንኑ ነገር ራሱ እንዲሞክረው፣ ሞክሮም ጸሐፊው ከደረሰበት እንዲደርስ፣ ካልደረሰም ለምን እንዳልደረሰ እንዲያውቅ ያስችለዋል። ገበሬ አዲስ ዘር በእርሻው ጥግ ዘርቶ ለጎረቤቱ የሚናገረው፣ ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ በበሽተኛው ካርድ ላይ የሚጽፈው፣ መካኒክ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ለባለመኪናው የሚያስረዳው ሁሉ የሙከራ ዘገባ ነው።

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ስለ ኮምፒዩተር የሚናገር ስለሆነ፣ ጥቂት ቃላትን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ስርዓተ ክወና ማለት ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ ተነሥቶ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ድምፁንና ማከማቻውን የሚያስተዳድር፣ ለሌሎቹም ፕሮግራሞች ሥራ የሚያከፋፍል ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስና ሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች ናቸው። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። ክፍት ምንጭ ነው ይባላል፤ ይኸውም የተሠራበት ጽሑፍ ለማንም የተገለጠ ስለሆነ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ለሌላም ያካፍለዋል ማለት ነው። ድራይቨር የሚባለው ደግሞ በስርዓተ ክወናውና በአንዱ የኮምፒዩተር ክፍል መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚቆም ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ክፍሉ ደኅና ቢሆንም እንኳ ሥራ አይሠራም።

ምንባቡን በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ ጸሐፊው በዐይኑ ያየውን፣ ከሌላ ያገኘውንና በራሱ የገመተውን ለመለየት ሞክሩ። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል፤ ስሕተቱም ገንዘብ አስከፍሎታል።

ለ. ምንባብ

መመሪያ ያልወጣለት ላፕቶፕ

አንድ ሰው እንደ ነገሩ ከገበያ የገዛውን ላፕቶፕ በሊኑክስ ለማሠራት ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቅ ነገር አይገጥመውም። ስርዓቱን በፍላሽ ላይ ይገለብጣል፤ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ያስነሣል፤ ያያል። ወደደውም ጠላው፣ ፍላሹን ሲነቅል ላፕቶፑን እንደ ነበረ ያገኘዋል። እኔ የሞከርሁበት ላፕቶፕ ግን እንዲህ ያለ አልነበረም።

ላፕቶፑ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ነው። አፕል እስከዚያ ጊዜ በላፕቶፖቹ ውስጥ የኢንቴልን ፕሮሰሰር ያገባ ነበር፤ በዚያ ወር ግን ራሱ የነደፈውን፣ ኤም-1 የተባለውን ፕሮሰሰር ይዞ ቀረበ። ኩባንያው ሌላ ስርዓተ ክወና በላፕቶፑ ላይ እንዳይነሣ አልከለከለም፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከፈቀደ ይነሣል። ዳሩ ግን ሥዕል የሚያቀናብረው፣ ድምፅ የሚያወጣው፣ ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል እያንዳንዱ እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያስረዳ መመሪያ ለሕዝብ አልወጣም። በሩ ክፍት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን መብራት የለም።

መብራቱን ለማብራት የተነሡት አሳሂ ሊኑክስ የተባለው ማኅበር አባሎች ናቸው። ማኅበሩን የጀመረው ሄክተር ማርቲን የተባለ ፕሮግራመር ነው። አሳሂ በጃፓንኛ የማለዳ ፀሐይ ማለት ሲሆን፣ ማኪንቶሽ የሚባለው የፖም ዐይነትም በዚያ አገር በዚሁ ስም ይጠራል። አባሎቹ የአፕልን ፕሮግራም ፈልቅቀው አላነበቡም። በማክኦኤስና በላፕቶፑ ክፍሎች መካከል አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አስገብተው፣ ማክኦኤስ ለእያንዳንዱ ክፍል ምን ትእዛዝ እንደሚልክ፣ ክፍሉም ምን እንደሚመልስ መዘገቡ። ከመዝገቡ ተነሥተው ገመቱ፤ ግምታቸውን ሞከሩ፤ ያልሠራውን ሠረዙ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የመጀመሪያውን የሙከራ እትም አወጡ። በዚያው ዓመት በጁላይ መጨረሻ ቶርቫልድስ ራሱ 5.19 የተባለውን የሊኑክስ እትም ለዓለም ያሰራጨው በእነርሱ ሥራ ከሚነሣ የአፕል ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ደግሞ ከፌዶራ ፕሮጀክት ጋር ሆነው ፌዶራ አሳሂ ሪሚክስ የተባለውን አቀረቡ። እኔ የሞከርሁት የዚህን 39ኛ እትም ነው።

ላፕቶፑን የላከችልኝ በውጭ አገር የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ናት። ለሦስት ዓመት ስትሠራበት ቆይታ ነበርና ከነፋይሎቿ ደረሰኝ። ከፋይሎቹም መካከል የሟች እናታችን ፎቶግራፎች ነበሩ። በስልክ፣ «እታለም፣ ሌላ ቅጂ አላቸው ወይ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እዚያው ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው፤ አደራ» አለችኝ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ትምህርቱን በዚያው ስርዓት ቤቴ ሆኜ ለማዘጋጀት፣ በክፍልም ውስጥ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝቼ ለማሳየት አሰብሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ላፕቶፕ ላይ አስቀድሞ በፍላሽ ማየት የሚባል ነገር የለም፤ ማከማቻውን ለሁለት ከፍሎ አዲሱን ስርዓት ከአሮጌው ጎን ማስቀመጥ ግድ ነው። አንዳንድ ስሕተትን ለማረም ደግሞ ሌላ ማክ ኮምፒዩተር ሊያስፈልግ ይችላል። በምኖርባት ከተማ ማክ ያለው ሌላ ሰው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሁሉ አስቀድሜ ፎቶግራፎቹን በሁለት ፍላሾች ላይ ገለበጥሁ። መገልበጣቸው ብቻ አላሳመነኝም። ሁለቱንም ፍላሾች በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቼ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ቍጥራቸውንም በላፕቶፑ ላይ ካሉት ጋር አመሳከርሁ። ይህ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ።

የማኅበሩ መመሪያ ቢያንስ 53 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ 15ቱ ለአዲሱ ስርዓት፣ 38ቱ ማክኦኤስ ሲታደስ ለሚፈልገው መጠባበቂያ ነው። በላፕቶፑ ላይ 140 ጊጋባይት ባዶ ስለ ነበር 80ውን ለሊኑክስ ሰጠሁ። መክፈል ሲጀመር ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀስቱ አልንቀሳቀስ አለ። ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ የቆመ ሊመስል እንደሚችልና መታገሥ እንደሚገባ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበርና እጄን ከኪቦርዱ አንሥቼ ጠበቅሁ። በሰዓቴ 6 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቀስቱ ተንቀሳቀሰ። መጫኑ ሲያበቃ ላፕቶፑን አጠፋሁት፤ ጥቂት ቆይቼ ማብሪያውን ጣቴን ሳላነሣ ተጭኜ ያዝሁ፤ የማስነሻ ምርጫዎቹ ሲመጡ አዲሱን መርጬ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ሊኑክስ ተነሣ።

ኪቦርዱና ዋይፋዩ በመጀመሪያው ጊዜ ሠሩ። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን መርጬ «አደራ» ብዬ ጻፍሁ፤ ፊደሉ ሳይበላሽ ወጣ። ማይክሮፎኑ አልሠራም፤ በጣት አሻራ መክፈትም አልተቻለም።

ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። የላፕቶፑ ስፒከሮች ትንንሾች ስለሆኑ ከዐቅማቸው በላይ ኃይል ከተላከባቸው በውስጣቸው ያለው የሽቦ ጥቅል ግሎ ይቃጠላል። ማክኦኤስ የጥቅሉን ሙቀት እያሰላ ድምፁን በልክ ያደርጋል። የአሳሂ አባሎች ይህንኑ የሚሠራ ጠባቂ ፕሮግራም ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ የላፕቶፖቹን ስፒከሮች ዘግተው አቆዩአቸው። ለእኔ ከድምፁ ጥራት ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ይህ ትዕግሥታቸው ነው።

ሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን ላፕቶፑን ይዤ ክፍል ገባሁ። የማክቡኩን ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ከፕሮጀክተሩ ጋር በሚያገናኘው ገመድ አያያዝኋቸው። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ባዶ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ነቅዬ ሰካሁ፤ ለውጥ የለም። ተማሪዎቹ ይጠብቁ ነበርና በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ገመዱ ተበላሽቷል» ብዬ ጽፌ ትምህርቱን በጠመኔ ቀጠልሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ወጥቼ ለወር አስቤዛ ካስቀመጥሁት ገንዘብ አዲስ ገመድ ገዛሁ። ማክሰኞ አዲሱን ገመድ ሰካሁ። ብርሃኑ አሁንም ባዶ ሰማያዊ ነበር።

በዚያን ጊዜ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ በማክኦኤስ አስነሣሁት፤ አሮጌውን ገመድ ሰካሁ። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ታየ። የማኅበሩን ዝርዝር ገልጬ ባነብ፣ በዩኤስቢ-ሲ በኩል ወደ ውጭ ስክሪን ሥዕል መላክ በዚያ እትም ገና እንደማይቻል ተጽፎ አገኘሁ። በደብተሬ ላይ የጻፍሁትን ሠርዤ፣ «በሊኑክስ ሲነሣ በሁለት ገመዶች ሞክሬ ሥዕል ወደ ፕሮጀክተሩ አልሄደም፤ በማክኦኤስ ሲነሣ በአሮጌው ገመድ ሄዷል» ብዬ ጻፍሁ። አሁን ትምህርቱን በሊኑክስ አዘጋጃለሁ፤ ፕሮጀክተር ባስፈለገኝ ቀን በማክኦኤስ አስነሣዋለሁ። አዲሱ ገመድ ከነማሸጊያው ጠረጴዛዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሻጩ አልመልስም ብሏል።

ሐ. የሰዋስው ማብራሪያ

በአማርኛ የዓረፍተ ነገሩ ኀይል ያለው በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ማሰሪያው ብቻ ሲለወጥ ጸሐፊው ነገሩን ምን ያኽል እንደሚያውቀው ይለወጣል። የሚከተሉትን አስተያዩ።

ገመዱ ተበላሸ።
ገመዱ ተበላሽቷል።
ገመዱ ሳይበላሽ አይቀርም።
ገመዱ ተበላሽቶ ይሆናል።
ገመዱ ተበላሽቷል አሉ።

የመጀመሪያው በኀላፊ አንቀጽ የታሰረ ነው፤ ድርጊቱ ሲፈጸም የተገኘ ሰው ቃል ይመስላል። ገመዱ በበር ተቀርቅሮ ሲበጠስ ያየ ሰው «ተበላሸ» ቢል ያምርበታል። ሁለተኛው ከቦዝ አንቀጽና ከ«አለ» የተሠራ ሲሆን፣ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ጧት ተነሥተን ምድሩ ርሶ ብናይ «ሌሊት ዝናብ ዘንቧል» እንላለን። ዝናቡን አላየንም፤ ያየነው እርጥቡን ምድር ነው። ቋንቋችን ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ በአንድ ቃል ያሻግረናል፤ ብዙ ጊዜም በደኅና ያሻግረናል። ዳሩ ግን ምድሩን ያራሰው የፈነዳ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። የምንባቡ ጸሐፊ ያየው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የጻፈው ግን ስለ ገመድ ነው። በመካከሉ ያለውን ዝላይ «-ሷል»፣ «-ቷል»፣ «-ቧል» የሚለው ማሰሪያ ስለሸፈነለት መዝለሉን ራሱም አላስተዋለም።

ሦስተኛውና አራተኛው ግምት መሆናቸውን በግልጽ ይናገራሉ። ከሁለቱ «ሳይበላሽ አይቀርም» የሚለው ይበረታል፤ «ተበላሽቶ ይሆናል» የሚለው ይላላል። ጸሐፊው በዚያን ሰኞ «ገመዱ ተበላሽቶ ይሆናል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ «ይሆናል» የሚለው ቃል በራሱ «ካልሆነስ?» የሚል ጥያቄ ይጠራበት ነበር። ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ገመዱን በማክኦኤስ ለመሞከር የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በአምስተኛው ዓረፍተ ነገር ያለው «አሉ» የሰሚ ሰሚ ምልክት ነው። በወግና በጨዋታ ውስጥ ለዛ አለው፤ በዘገባ ውስጥ ግን ማን እንዳለው ካልተጻፈ አንባቢን አይጠቅምም። ጸሐፊው ስለ 53 ጊጋባይት ሲናገር «የማኅበሩ መመሪያ ይናገራል» ማለቱን ልብ በሉ።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። አማርኛ ድርጊቱ ለማን እንደ ጠቀመ ወይም ማንን እንደ ጐዳ በግሱ ላይ በሚቀጠል ምዕላድ ያመለክታል። «በራልኝ» ስንል ለጥቅሜ፣ «ጠፋብኝ» ስንል በጕዳቴ ማለታችን ነው። ለወዳጅ በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ ይህ አነጋገር የልብን ነገር በአጭሩ የሚያደርስ ነው፤ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቢቀኑብን አይፈረድባቸውም። በሙከራ ዘገባ ውስጥ ግን አድራጊውን ይደብቃል። ጸሐፊው ያልተጠነቀቀ ቢሆን ኖሮ ለእኅቱ «ፎቶግራፎቹ ጠፉብኝ» ብሎ ይጽፍላት ነበር። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያሳዝን ሰው እንጂ ያጠፋ ሰው የለም። «ማከማቻውን ስከፍል የተሳሳተውን ክፍል መርጬ ፎቶግራፎቹን አጠፋኋቸው» ቢል ግን ያሳፍራል፤ ቢሆንም የሚቀጥለው ሞካሪ የቱ ጋ መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቅበታል። «ተሰበረ»፣ «ተሰረዘ»፣ «ተዘጋ» የሚሉት ተደራጊ ግሶችም እንዲሁ ናቸው። አድራጊው በእውነት በማይታወቅበት ቦታ ተገቢዎች ናቸው፤ በሚታወቅበት ቦታ ግን መሸሸጊያ ይሆናሉ።

መ. ስለ አጻጻፉ

የሙከራ ዘገባ ስትጽፉ የዕቃውን ስም፣ የወጣበትን ዓመትና የተጠቀማችሁበትን እትም ከመግቢያው አታርቁ። የሙከራውን ቀን መጻፍም አይዘንጋ። በምንባቡ ውስጥ ማይክሮፎኑ አልሠራም ተብሏል፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ይህ እውነት ነበር። የማኅበሩ አባሎች ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የማይክሮፎኑን ድራይቨር አውጥተዋል። ዘገባው ቀንና እትም ባይኖረው ኖሮ የዛሬ አንባቢ ጸሐፊውን ውሸታም ይለው ነበር። በተጻፈበት ቀን ግን እውነተኛ ነው።

ምክንያት ፍለጋ በምትሞክሩበት ጊዜ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ጸሐፊው ማክሰኞ ዕለት የለወጠው ገመዱን ብቻ ነው፤ በኋላም በአሮጌው ገመድ ስርዓተ ክወናውን ብቻ ለወጠ። አዲሱን ገመድና ማክኦኤስን አብሮ ሞክሮ ሥዕሉ ቢታይ ኖሮ፣ አሮጌው ገመድ ተበላሽቶ ነበር ብሎ እስከ ዛሬ ባመነ።

አስተያየት በዘገባ ውስጥ አይከለከልም፤ የማን እንደ ሆነ ይታወቅ እንጂ። «ለእኔ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ማንንም አያሳስትም።

ሠ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ለሚከተሉት ጥያቄዎች በራሳችሁ አነጋገር መልስ ስጡ።

1. ጸሐፊው ፎቶግራፎቹን ከገለበጠ በኋላ ፍላሾቹን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የከፈተው ለምንድን ነው? በዚያው ላፕቶፕ ላይ ቢያያቸው ምን ሊያመልጠው ይችል ነበር?
2. ስክሪኑ ለ6 ደቂቃ በቆመ ጊዜ ላፕቶፑን ቢያጠፋው ኖሮ፣ ዘገባው እንዴት ተብሎ ይጻፍ ነበር? አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ «-ብኝ» የሚለውን ምዕላድ አትጠቀሙ።
3. የአሳሂ ማኅበር አባሎች የላፕቶፑን ጠባይ ያወቁበት መንገድና ጸሐፊው የገመዱን ነገር ያወቀበት መንገድ በምን ይመሳሰላሉ?

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ጸሐፊው ያየውን፣ ከሌላ ያገኘውን ወይስ የገመተውን እንደሚናገሩ ለዩ። ግምት የሆነውን በተገቢው ማሰሪያ አንቀጽ አስተካክላችሁ ጻፉ።

ሀ. የራዲዮው ባትሪ አልቋል።
ለ. ቁልፉን ሦስት ጊዜ ባዞረው መኪናው አልተነሣም።
ሐ. ላሚቱ መርዘኛ ሣር በልታለች።
መ. መብራት የጠፋው በነፋሱ ምክንያት ነው አሉ።
ሠ. አምፑሉን ብለውጥም ክፍሉ ጨለማ እንደ ሆነ ቀረ።

መልመጃ ሦስት። በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች አንድ የማይሠራ ነገር ምረጡ፤ ራዲዮ፣ ፋኖስ፣ ብስክሌት፣ የውሃ ቧንቧ ወይም ስልክ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን አስፈቅዱ። በውስጡ ሊጠፋ የሚችል ነገር ካለ አስቀድማችሁ አስተርፉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ ሞክሩ፤ ከ250 ቃላት ያላነሰ ዘገባም ጻፉ። በደብተራችሁ ላይ በመጀመሪያ የጻፋችሁትንና በኋላ የሠረዛችሁትን አታጥፉት፤ ከዘገባው ጋር አያይዛችሁ ለመምህራችሁ አስረክቡ።